ከቱር ደ ፍራንስ መጋረጃ ጀርባ፦ ስለ ብስክሌት ዶክመንተሪዎችና ስለ ደጋፊው ኩርፊያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የውድድር ውጤትም አልደበቅንም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ የትኛው ዶክመንተሪ ነው?

በአብዛኛው ስለ ኔትፍሊክሱ «ቱር ደ ፍራንስ፦ አንቼይንድ» ነው። የፈረንሳዩን የብስክሌት ውድድር ቱር ደ ፍራንስን፣ ባጭሩ ቱርን፣ ይከተላል። ሦስት ሲዝን ወጥቶለታል። የመጀመሪያው በጁን 2023 ወጣ፤ የሚያሳየው ግን የ2022ቱን ውድድር ነው። ሁለተኛው በ2024 ወጥቶ የ2023ቱን፣ ሦስተኛው በ2025 ወጥቶ የ2024ቱን ያሳያል። ሁልጊዜ አንድ ዓመት ወደኋላ ነው። ይለቀቅ የነበረው አዲሱ ቱር ሊጀመር ሲል ስለሆነ እንደ ማሟሟቂያም ያገለግል ነበር።

ከሱ በፊት የስፔኑ ሞቪስታር ቡድን የራሱ ተከታታይ ነበረው። ከዚያም በፊት የቆዩ ፊልሞች አሉ። ደጋፊው ሲከራከር እነሱን እያነሳ ስለሆነ ወደ ታች እንመጣባቸዋለን።

ስለ ብስክሌት ምንም አላውቅም። ይገባኛል?

አዎ። እንዲያውም የተሠራው ለናንተ ነው፤ የነባሩ ደጋፊ ኩርፊያ ግማሹ ከዚህ ይመጣል። ማወቅ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ተከታታዩ በሚያሳያቸው ዓመቶች 22 ቡድን ነበር (በ2025 23 ሆኗል)፣ በየቡድኑ ስምንት ሰው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ 21 ቀን ውድድር። የአንዱ ቀን ጉዞ ኤታፕ ይባላል። የሁሉም ኤታፕ ሰዓት ተደምሮ አነስተኛ ሰዓት ያለው ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። አረንጓዴው ነጥብ ለሰበሰበ ነው፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ለተራራ፣ ነጩ ለወጣት።

ከባዱ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ያየሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ነበር። ገና አንዱን ክፍል ሳንጨርስ «ይሄኛው ጉልበት ካለው ለምን ጥሎት አይሄድም? ምን ያስጠብቀዋል?» አለችኝ። መልሱ ንፋስ ነው። ከፊት ያለው ንፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላው የተጠጋው በጣም ባነሰ ጉልበት እኩል ይሄዳል። ስለዚህ ሰባቱ ለአንዱ ንፋስ ይሰብራሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ጎማው ከተነፈሰ የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡታል። ስምንት ሰው ይለፋል፣ መድረክ ላይ አንዱ ይወጣል። ይህችን ከያዛችሁ ተከታታዩ ውስጥ ያለው ኩርፊያም እንባም ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ከፎርሙላ 1ዱ ተከታታይ ጋር ለምን ያነጻጽሩታል?

ከጀርባው ያለው ኩባንያ አንድ ስለሆነ ነው፤ ቦክስ ቱ ቦክስ ፊልምስ። «ድራይቭ ቱ ሰርቫይቭ» በ2019 ወጥቶ ለፎርሙላ 1 ብዙ አዲስ ተመልካች፣ በተለይ አሜሪካ ውስጥ፣ አምጥቷል። የብስክሌቱ ዓለም ያንን ዕድል ተመኘ። ከዕድሉ ጋር ስሞታውም አብሮ መጣ። የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ ማክስ ቬርስታፐን ያልነበረ ጠብ እየተፈጠረ ነው ብሎ ለተከታታዩ ቃል አልሰጥም ያለበት ጊዜ ነበር። የብስክሌት ደጋፊም ገና ተከታታዩ ሳይወጣ «የኛንም እንዲህ ሊያደርጉት ነው» ብሎ ጀምሯል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ፎርሙላ 1 ያኔ 20 ሹፌር ነበረው፤ አጥር ባለው መንገድ ላይ ይዞራሉ። ቱር ያኔ 176 ሰው ይዞ ይነሳና ፈረንሳይን ያቋርጥ ነበር። ካሜራው ከ176ቱ ጥቂቱን መርጦ ሌላውን መተው ነበረበት። ማን ተመረጠ፣ ማን ተተወ የሚለው ጭቅጭቅ ከዚያው ይጀምራል።

ነባር ደጋፊዎች ለምንድን ነው የሚናደዱት?

ውድድሩን ስለሚያስታውሱት ነው። በቀጥታ ያየው ሰውና ያላየው ሰው ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት የተለያየ ፊልም ነው የሚያዩት።

ያላየው ሰው «ማን ያሸንፍ ይሆን?» እያለ ይጓጓል። ያየው ሰው ሌላ ሥራ ላይ ነው። «ይሄ ምስል ከሌላ ቀን የመጣ ነው። ይሄኛው የተናገረው ከዚያ በፊት ነው። እዚህ ጋ ያለው የኮሜንታተር ድምፅ በቀጥታ ስርጭቱ ላይ አልነበረም» ይላል። የቢጫ ማሊያ ትርጉም ለአራተኛ ጊዜ ሲነገረው ስልኩን ያነሳል። የወደዳት ኤታፕ ሳትነሳ ስትታለፍ ደግሞ ይቆጣል፤ እኔም ተቆጥቻለሁ።

የ2022ቱን 11ኛ ኤታፕ ውሰዱ። የጁምቦ ቪዝማ ቡድን ሰዎች የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑን ታዴይ ፖጋቻርን የጣሉት በአንድ ምት አይደለም። ገና ጋሊቢዬ ተራራ ላይ የቡድኑ ሁለት አለቆች፣ ሮግሊችና ቪንጌጋርድ፣ እየተፈራረቁ ነካኩት። አንዱ ይሄዳል፣ ፖጋቻር ይከተላል። ሌላው ይሄዳል፣ ይከተላል። ለሰው የተረፈ ይመስል ነበር። ከዚያ ግራኖን የሚባለው ተራራ ላይ እግሩ አልታዘዝ አለው። ከሦስት ደቂቃ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ተበለጠ፤ ቢጫውም ሄደ። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጣዕሙ ያለው ሽንኩርቱን ለሰዓታት በማቁላላቱ ላይ ነው። ዶክመንተሪው እንቁላሉን ብቻ አውጥቶ ያቀርብላችኋል። ይጣፍጣል፣ ግን ወጡ የት አለ?

ሁሉንም ስሞታ ግን አልጋራም። ቃላቱን ደጋግሞ ማስረዳቱ ያሰለቻል እንጂ ጥፋት አይደለም። እኛም አንድ ቀን አንድ ሰው አስረድቶን ነው የገባነው።

ዋውት ቫን አርት በተከታታዩ ተናደደ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ሲወጣ ቤልጅየማዊው ቫን አርት ተከታታዩ ግርግር ፍለጋ ላይ እንዳተኮረ፣ ያልነበረ ታሪክ እንደተነገረበትና ማየቱም እንደረበሸው ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ተከታታዩ ላይ እሱና የቡድን ጓደኛው ዮናስ ቪንጌጋርድ በዓይነ ቁራኛ የሚተያዩ ይመስላሉ። ቪንጌጋርድ ቢጫውን ይፈልጋል፣ ቫን አርት የራሱን ኤታፕና አረንጓዴውን። ቡድኑ ለማን ይሥራ?

አሁን ሦስት ቀን አስታውሱ። 5ኛው ኤታፕ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ ነበር። የሰፈራችን ኮብልስቶን አይምሰላችሁ፤ ጠርዙ የወጣ፣ መሃሉ የጎደጎደ፣ የገበሬ መንገድ ነው። የቪንጌጋርድ ብስክሌት ተበላሸበት። የቡድን ጓደኛው ናታን ቫን ሆይዶንክ የራሱን ሰጠው። ቫን ሆይዶንክ ግን በጣም ረጅም ሰው ነው። ቪንጌጋርድ የታላቅ ወንድሙን ብስክሌት እንደሰረቀ ልጅ ኮርቻው ላይ ለመውጣት ሲታገል አቧራው መሃል ይታያል። ብስክሌት ሲቀያየሩ፣ መኪና ሲጠብቁ ጊዜው ሄደ። በዚያው ቀን ሮግሊች ከጭድ እስር ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ወለቀ፤ ተመልካች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ መለሰው። ታዲያ ቪንጌጋርድን ወደፊት የጎተተው ማን ነው? ቢጫ ማሊያ የለበሰው ቫን አርት። ቪንጌጋርድ ከፖጋቻር የተበለጠው በ13 ሰከንድ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ፣ 6ኛው ኤታፕ ላይ፣ ያው ቫን አርት ቢጫውን ለብሶ ገና ከጠዋቱ አፈተለከ። መጨረሻ ላይ ተያዘ፣ ኤታፑንም ቢጫውንም ፖጋቻር ወሰደው። ይህቺን ቀን ብቻ ያየ «ሰውዬው ለራሱ ነው የሚጋልበው» ቢል አይፈረድበትም። 18ኛው ኤታፕ ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ኦታካም ተራራ ላይ ቫን አርት ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን አከረረው። ፖጋቻር መቋቋም አቅቶት ወደኋላ ቀረ። ቪንጌጋርድ ብቻውን ሄዶ አሸነፈ፣ ቱሩም በዚያው አለቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ማሊያና ሦስት ኤታፕ የወሰደ ሰው፣ ተራራ ላይ የዓለምን አንደኛ ተራራ ወጪ ጣለ። ደጋፊው «የታለ ጠቡ?» የሚለው ለዚህ ነው።

እኔ ጥያቄውን ማንሳታቸው አይከፋኝም። ሁለት ሰው ሁለት ነገር የሚፈልግበት ቡድን ውስጥ ጥያቄው ይኖራል። የሚያናድደኝ በሙዚቃ መመለሱ ነው። ቫን አርት ዝም ብሎ በመስኮት ሲያይ ከበሮው ይጀምራል። ሰውዬው ምሳውን እያሰበ ቢሆንስ?

ፖጋቻር የት ሄደ? የሁለት ጊዜ ሻምፒዮን አልነበር እንዴ?

ነበር፤ 2020 እና 2021ን ያሸነፈው እሱ ነው። ነገር ግን ቡድኑ ዩኤኢ ቲም ኤምሬትስ በመጀመሪያው ሲዝን ከተቀረጹት ስምንት ቡድኖች ውስጥ የለም። ስለዚህ ፖጋቻር ውድድሩ ላይ ይታያል እንጂ አውቶቡሱ ውስጥ አንገባም። የቡናና የጊዮርጊስን ደርቢ የአንዱን መልበሻ ክፍል ብቻ አሳይቶ እንደመተረክ ነው። ያኛው ወገን ዝም ብሎ ጨካኝ ይመስላል።

የሚገርመው፣ ከዚያ ቱር ያልረሳኋት ምስል የማንንም አውቶቡስ አትፈልግም። ኦታካም ከመድረሳቸው በፊት፣ ስፓንዴል ቁልቁለት ላይ ፖጋቻር ወደቀ። ቪንጌጋርድ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠበቀው። ፖጋቻር ደረሰበትና እጁን ዘረጋለት፣ ተጨባበጡ። ቃል አልተነገረም።

ቡድኖቹ ካሜራ ለምን ያስገባሉ? ምን ያገኛሉ?

ስፖንሰር። የብስክሌት ቡድን ስታዲየም የለውም፣ ትኬት አይሸጥም። ተመልካቹ መንገድ ዳር በነፃ ይቆማል። የቱር የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚገባው ለአዘጋጁ ኩባንያ ለኤኤስኦ ነው። ቡድኑ የሚኖረው ማሊያው ላይ ስሙን በለጠፈ ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ከሄደ ስሙም ይሄዳል። ለምሳሌ ጁምቦ ቪዝማ የሚባለው ቡድን ከ2024 ጀምሮ ቪዝማ ሊዝ ኤ ባይክ ሆኗል። (ሲዝን ስትቀይሩ ግራ እንዳይገባችሁ፤ ሰዎቹ ያው ናቸው።)

እና ስሙ ኔትፍሊክስ ላይ ለስምንት ክፍል የሚታይ ማሊያ ለስፖንሰር ደስ ይላል። ለዚህ ነው ደጋፊው የሚጠራጠረው። ማሊያ እያስተዋወቀ ያለ ሰው ገበናውን ምን ያህል ያወጣል? ተወዳዳሪው በስንት ዋት (የጉልበት መለኪያ ነው) እንደሚገፋ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለው፣ ኮንትራቱ እንዴት እንደሆነ ብዙ አትሰሙም። የምትሰሙት ጩኸትና እቅፍ ነው።

ሬዲዮ ላይ የምንሰማው ንግግርና ጩኸቱ እውነት ነው ወይስ ትወና?

መኪና ውስጥ ያለው ጩኸት እውነት ነው። የግሩፓማ ኤፍዲጄን ቡድን አለቃ ማርክ ማድዮን ያየ አዲስ ተመልካች «ይሄ ሰው ለካሜራ ነው» ይላል። አይደለም። በ2012ቱ ቱር የቡድኑ ወጣት ቲቦ ፒኖ ፖራንትሩይ ከተማ ላይ ሲያሸንፍ ማድዮ ከመኪናው መስኮት ግማሽ አካሉ ወጥቶ በሩን እየደበደበ ሲጮህ ዓለም አይቶታል። ያኔ ኔትፍሊክስ የሚባል በአካባቢው አልነበረም። ሰውዬው ተፈጥሮው ነው።

ተወዳዳሪው ከቡድኑ መኪና ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮውም አለ። በ2023 17ኛው ኤታፕ፣ ኮል ደ ላ ሎዝ ላይ፣ ፖጋቻር «አለቀልኝ፣ ሞቻለሁ» ሲል በቀጥታ ስርጭቱ ተሰምቷል። ከዚያ የበለጠ ምን ድራማ ይጻፋል?

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ጋ ነው፤ ተወዳዳሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ «አሁን ልቤ እየመታ ነው» ዓይነት ነገር ሲናገር። ያ ቃል የተሰጠው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን በትዝታ የተለወሰ ነው። እኔ ሳይ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ላብ አለው ወይስ የለውም? ላብ ካለው አምነዋለሁ።

ታዲያ ነባሩ ደጋፊ የወደደው የትኛውን ነው?

ብዙው «ኤል ዲያ ሜኖስ ፔንሳዶ» ይላችኋል፤ «ጨርሶ ያልታሰበው ቀን» እንደማለት ነው። የሞቪስታር ቡድንን ነው የሚከተለው፤ በ2020 ሲጀምር የ2019ኙን ዓመት ይዞ ነበር። የወደዱት ቡድኑ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። እርስ በርሱ የማይግባባ ስለሆነ ነው።

በ2019ኙ ቱር ሞቪስታር ሦስት አለቃ ይዞ መጣ፤ ሚኬል ላንዳ፣ ናይሮ ኪንታና፣ አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ። ሦስት ባለቤት ያለው ምጣድ አስቡ። 6ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ወጡ። ማንም መድረክ ላይ አልወጣም፤ ግን በየቀኑ ቀድመው የገቡት ሦስት ሰዎቻቸው ሰዓት ሲደመር የቡድን አንደኛ ሆኑ። ደጋፊው እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። ካሜራው ራት ጠረጴዛ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ማን ማንን እንደማያይ ያሳያል። ዓመቱ ሲያልቅ ላንዳም ኪንታናም፣ የጣሊያኑን የሦስት ሳምንት ውድድር ጂሮ ዲታሊያን ያሸነፈላቸው ሪቻርድ ካራፓዝም ቡድኑን ለቀቁ።

የዚሁ ተከታታይ ሦስተኛው ሲዝን ደግሞ የ2021ዱን ቩዌልታ፣ የስፔኑን የሦስት ሳምንት ውድድር፣ ይዟል። ሚጌል አንሄል ሎፔዝ ሦስተኛ ነበር፣ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው። 20ኛው ኤታፕ ላይ ከፊተኞቹ ተቆረጠ፣ ጊዜው ሄደ። ከዚያ ቆመና ከብስክሌቱ ወረደ። ሳይወድቅ፣ ሳይታመም። የቡድን ጓደኛው ኢማኖል ኤርቪቲ መንገድ ዳር ሊያግባባው ሞከረ፤ አልሆነም፣ መኪና ውስጥ ገባ። ስፖንሰሩ የከፈለበት ዶክመንተሪ እንዲህ ያለውን ማሳየቱ ነው ደጋፊውን የገዛው። ሰው ገበናውን ሲያሳይህ የምታምነው ሲያፍር ነው።

ከድሮዎቹ አንዱን ብቻ እዩ ካላችሁኝ፣ የዴንማርኩ ዮርገን ሌት በ1976 ፓሪስ ሩቤ በሚባለው የአንድ ቀን ውድድር ላይ የቀረጸው «ኤ ሰንዴይ ኢን ሄል» ነው። አንድ መካኒክ ብስክሌት በጥንቃቄ ሲያጸዳ ይጀምራል። ሲያልቅ ሻወር ቤት ነን፤ ጭቃ የለበሱ ሰዎች ይታጠባሉ፣ ጋዜጠኛ እዚያው ይጠይቃቸዋል። ማን ከማን ተጣላ የሚል ሰው የለም። ያሸነፈው ማርክ ደሜየርም ከተጠበቁት ኮከቦች አንዱ አልነበረም።

አደጋዎቹን ያን ያህል ማሳየት ተገቢ ነው?

እዚህ ላይ ደጋፊው ሁለት ቦታ ይከፈላል። የአንድ ሰው አወዳደቅ ሦስት ጊዜ በቀስታ፣ ከአጥንት ድምፅ ጋር ሲታይ ያስጠላኛል። ያ ሰው እናት አለችው።

በሌላ በኩል የፋቢዮ ያኮብሰንን ታሪክ ያለ አደጋው መንገር አይቻልም። በኦገስት 2020 ፖላንድ ውስጥ፣ መድረሻው ላይ፣ ዲላን ግሩነቬገን መንገዱን ዘጋበትና አጥሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሞች በመድኃኒት አስተኝተው ነው ያቆዩት፤ ፊቱ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ግሩነቬገን ዘጠኝ ወር ታገደ። በ2022 ሁለቱም ዴንማርክ ውስጥ ቱር ጀመሩ። 2ኛውን ኤታፕ ያኮብሰን አሸነፈ። በማግስቱ 3ኛውን ግሩነቬገን። እንዲህ ያለውን ታሪክ ደራሲ ቢጽፈው «አጋነነ» ይባላል።

ሞት ሲመጣ ግን ሁሉም ዝም ይላል። ስዊዘርላንዳዊው ጂኖ ሜደር በጁን 2023 ቱር ደ ስዊስ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ በማግስቱ ሞተ፤ 26 ዓመቱ ነበር። ሁለተኛው ሲዝን የሚያሳየው ቱር ከቢልባኦ የተነሳው ልክ በ15ኛው ቀን ነው። ያን ዓመት ስታዩ ቁልቁለት ላይ ማንም እንደ ድሮው ዘና ብሎ እንደማይወርድ ታስተውላላችሁ።

ስለ አበረታች መድኃኒት ለምን በደንብ አያወሩም?

በር የከፈተልህን ሰው ቤቱ ገብተህ መርማሪ መሆን ስለማይቻል ነው። ይህ የኔ ግምት ነው፤ የድሮዎቹ ፊልሞች ግን ያስተምሩናል።

በ2004 «ሄል ኦን ዊልስ» የሚባል የጀርመን ፊልም ወጣ። በ2003ቱ ቱር የቴሌኮምን ቡድን፣ በተለይ ኤሪክ ዛብልንና ሮልፍ አልዳግን ይከተላል። የሁለት ጓደኛሞች ድካም፣ ማሳጅ፣ የሆቴል ክፍል ወሬ። እጅግ የተወደደ ፊልም ነበር። በሜይ 2007 ሁለቱም ኢፒኦ የሚባለውን የተከለከለ አበረታች መድኃኒት ወስደናል ብለው አመኑ። ዛብል መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ያህል ሞክሬው ተውኩት ብሎ ነበር፤ በ2013 ግን ለዓመታት፣ እስከ 2003 ድረስ፣ መጠቀሙን ተናገረ። ፊልሙ የተቀረጸበት ዓመት ማለት ነው። አሁን ያንን ፊልም ስታዩ ድካሙ ውሸት አይሆንም። ጓደኝነቱም ውሸት አይሆንም። ግን ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ አላየም።

የአሜሪካዊው ተወዳዳሪ የላንስ አርምስትሮንግ ደግሞ ይብሳል። በ2009 ወደ ውድድር ሲመለስ ዳይሬክተሩ አሌክስ ጊብኒ የመመለስ ታሪክ ብሎ መቅረጽ ጀመረ። ከዚያ ምርመራው መጣ፤ በ2012 ሰባቱም ቱሮች ተነጠቁ። ዳይሬክተሩ ያንኑ ፊልም ገልብጦ በ2013 ስለ ውሸቱ አድርጎ አወጣው። ስለዚህ ነባር ደጋፊ ዛሬ የሚያለቅስ ተወዳዳሪ ሲያይ አብሮት እያዘነ በአንድ ዓይኑ ይጠረጥራል። ክፋት አይደለም፣ ልምድ ነው።

ከኛ አካባቢ የመጡት ተወዳዳሪዎችስ?

ብዙዎቻችን ቱርን መከታተል የጀመርነው በነሱ ነው። ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በ2015 የተራራውን ነጠብጣብ ማሊያ ለበሰ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱርን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመጀመሪያው ሲዝን ቢንያም ግርማይን ፈልጋችሁ ካጣችሁት አትገረሙ፤ የመጀመሪያ ቱሩ የ2023ቱ ነው።

በ2022 ግን ካሜራ የሚያስፈልገው ዓመት ነበረው። ማርች ላይ የቤልጅየሙን የአንድ ቀን ውድድር ጌንት ቬቬልገምን አሸነፈ። ሜይ ላይ ጂሮ ዲታሊያ 10ኛ ኤታፕን፣ ዬዚ ከተማ። መድረክ ላይ ወጥቶ የወይን ጠርሙሱን ሲከፍት ቡሹ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ሆስፒታል ሄደ፣ በማግስቱ ከውድድሩ ወጣ። ታሪክ በሠራበት ምሽት።

ከዚያ 2024። ጁላይ 1 ቱሪን ላይ፣ የቱር ኤታፕ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ሁለት ጨመረ፤ ሦስት። 16ኛው ኤታፕ ላይ ወድቆ ክንዱና ጉልበቱ ቆሰለ፤ አረንጓዴውን ግን ይዞ ኒስ ገባ። ለኔ ሙሉ ዶክመንተሪ የሚገባው አስመራ ውስጥ ቤት ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠበት የዚያ ጁላይ ነው፤ ከአውቶቡስ ውስጥ ሳይሆን ከቡና ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ።

ተከታታዩ ቆመ ወይስ ይቀጥላል?

ሦስተኛው የመጨረሻው እንደሆነ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተነገረ። ሲያማርር የከረመው ደጋፊ ያን ቀን ምን አለ መሰላችሁ? «ወይኔ!»

ውድድሩን መጀመሪያ ልይ ወይስ ዶክመንተሪውን?

ጨርሶ አዲስ ከሆናችሁ ዶክመንተሪውን። ያስፐር ፊሊፕሰን በ2022 4ኛው ኤታፕ፣ ካሌ ላይ፣ አሸነፍኩ ብሎ እጁን ሲያነሳ፣ ቫን አርት ቀድሞ ገብቶ እንደነበር አለማወቁን ስታዩ አብራችሁ ታፍራላችሁ። በኋላ ካርካሶንና ሻንዘሊዜ ላይ በእውነት ሲያሸንፍ ትጮሃላችሁ። ስሙን የማታውቁትን ሰው በአንድ ክፍል እንዲህ ማስወደድ ቀላል ችሎታ አይደለም። በዚህ ላይ ተከታታዩን አልማውም።

ትንሽ ከለመዳችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ የኤታፑን የመጨረሻ 50 ኪሎ ሜትር እዩ፣ ከዚያ ክፍሉን። ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተቀጠለ ወዲያው ይታያችኋል። አንድ ነገር ደግሞ፦ የእንግሊዝኛ ድምፅ የተጫነበትን አጥፉትና በራሳቸው ቋንቋ፣ በጽሑፍ ትርጉም እዩት። ማድዮ በእንግሊዝኛ ሲጮህ ማድዮ አይደለም።

እህቴ አሁን ዶክመንተሪውን ትታለች። ባለፈው ሐምሌ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። «አምስት ሰው አምልጧል፣ ሰባት ደቂቃ ሆኗቸዋል፣ ማንም አያሳድዳቸውም። ምን ሆነው ነው?» ገና 90 ኪሎ ሜትር ይቀራል አልኳት። «እሺ፣ ሽንኩርት ላይ ናቸው በለኛ» ብላ ዘጋችው።